ወደኋላ የተመለሰችው ጀልባ

ኖቬምበር 7፣ ሐሙስ

ሩጫ ላይ ነኝ። ለቅዳሜው የፕሮግራም ውድድር የተማሪዎቹ መልስ የሚመዘንባቸው መፈተኛዎች ዛሬ ይዘጋሉ። የፊኛው ጋዝ አልመጣም። የዳኞቹ ሰብሳቢ ሩሎፍ፣ ሳይጨነቅ መኖር የማይሆንለት ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ሲያስጮኸው ዋለ።

ግን ጥያቄዬ ገብታለች! ተማሪ ሳለሁ በየውድድሩ የሌላ ሰው ጥያቄ ስፈታ ኖርኩ። ዳኛ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ የማወጣው ሁሉ ሲጣልብኝ ከረመ። ዘንድሮ የእኔዋ ታትማለች። ረጅም የሸራ ምሰሶ ያላት ጀልባ በከተማ ቦዮች ውስጥ ትሄዳለች። ድልድዮቹ የሚነሱት በየራሳቸው ሰዓት ነው። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ መሀል መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ የሚቆመው ማረፊያ ባለበት ብቻ ነው። ጀልባዋ በየት በኩል ብትሄድ ሐይቁ ጋ ቶሎ ትደርሳለች? ይህን የሚመልስ ፕሮግራም ጻፉ። አለቀ። አጭርና ቆንጆ ናት።

በእኛ ደንብ እያንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ዳኞች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይፈቱታል፤ የሦስቱ መልስ ከገጠመ ያልፋል። እኔ ፈታሁ፣ ዊበ ፈታ፣ ታይስም «ገጥሟል» ብሎ ልኳል። ምስኪን ታይስ፣ ሚስቱ አራስ ናት፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ላከልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ፣ ከዳኞች ክፍል

ብርቱካንማው ፊኛ የእኔ ጥያቄ ነው። አንድ ቡድን በፈታት ቁጥር ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርቱካንማ ይታሰራል። አዳራሹ ብርቱካንማ በብርቱካንማ እየሆነ ነው፤ ደስ ሲል!

«ሦስት ሰው አንድ ወንበር» የሚባል ቡድን አለ፤ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ሦስት ተማሪ ባንድ ኮምፒውተር ስለሚወዳደር ነው እንዲህ ያሉት፤ ስሙን ወድጄዋለሁ። እነሱ ግን የእኔዋ ላይ ተቸክለዋል። ይልካሉ፣ ስህተት። ይልካሉ፣ ስህተት።

የማብራሪያ ጥያቄ ላኩ፦ «ጀልባዋ ያለፈችውን ድልድይ ተመልሳ ማለፍ ትችላለች?»

«ጽሑፉን አንብቡ» ብዬ መለስኩ። የተለመደው መልስ ነው፤ የትም አገር ያለ ዳኛ ይህንኑ ይላል።

እንደገና ያንኑ ጠየቁ። እንደገና ያንኑ መለስኩ።

ዊበ ስክሪኑን አይቶ «ሰባተኛ ስህተታቸው ነው! ልጆቹ ጀልባዋን ሊያሰምጧት ነው እንዴ?» አለ። ሳቅን።

በዚያው ቀን፣ ባቡር ላይ

ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆሟል። ምክንያቱን የሚነግረን የለም፤ እንደ ልማዳቸው። ስለዚህ ልጻፍ።

ሽልማቱ አልቋል። በጃንዋሪ ጀርመን ለሚደረገው ትልቁ ውድድር የሚያልፉት ሦስት ቡድኖች ናቸው። ሦስተኛ የወጡት የእኛ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ ቢሯቸው ከእኔ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ከሰሜን የመጡት አራተኛ ሆኑ። ብርቱካንማዋን ቢያገኙ ኖሮ ሁለተኛ ነበሩ።

ከሽልማቱ በኋላ ቢራና ቢተርባለን የሚባለው የሚያቃጥል የተጠበሰ የሥጋ ኳስ ቀረበ። ምላሴን አቃጥዬ ስተነፍስ አንዲት ልጅ መጣች፤ የዝናብ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ፌና እባላለሁ አለችኝ።

«የጀልባዋን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ። ከጀልባዋ ጋር ተጣላችሁ አይደል?»

አልሳቀችም። ከቡናው ጠረጴዛ የስኳር ከረጢቶችና አንድ ማንኪያ አነሳች። «ስኳሮቹ ድልድይ ናቸው እንበል። ሳህኑ ማረፊያ፣ ማንኪያዋ ጀልባ።» ማንኪያዋን መገንጠያው ላይ አደረሰቻት። «እዚህ መቆም አይቻልም። በግራ ያለው ድልድይ ገና አልተነሳም። በቀኝ ደግሞ ክፍት ነው፤ ግን በዚያ በኩል ሐይቁ ሩቅ ነው። እና በቀኝ ወጥታ፣ ሳህኑ ጋ አርፋ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሳ በግራ ብትሄድስ? አይፈጥንም?»

ሳቅኩ። «የኔ ቆንጆ፣ ሦስት ዳኛ ለየብቻ ፈትቶታል፤ የሦስቱም ገጥሟል» አልኳት።

«እ... እሺ» አለች። ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ ትታት ሄደች።

ቆንጆ ልጅ ናት፣ ጨዋ። የመጨረሻ ዓመቷ ነው መሰለኝ፤ አዳራሹ በር ላይ ለጓደኛዋ «ከእንግዲህ እኔና አንተ መወዳደር አይፈቀድልንም» ስትለው ሰምቻለሁ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ደክሞኛል። የማንኪያዋን ነገር ነገ በጽሞና አየዋለሁ።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ

በወረቀት ሠራሁት። ልጅቷ ልክ ልትሆን ትችላለች። ልትሆን ትችላለች ነው ያልኩት። ሳላረጋግጥ ሰው አልረብሽም። ሩሎፍን ደግሞ እሑድ መረበሽ ማለት ሆስፒታል ማስገባት ነው።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ፊት ለፊት ያሉት ልጆች ለድላቸው ታርት የሚባለውን የክሬም ኬክ ገዝተው መጡ። እዚህ ደስታ የገጠመው ሰው ራሱ ነው ጋባዡ፤ ደንቡን ጠብቀዋል። ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ቆረሱልኝ።

«ይሄ ለጀልባዋ እናት ነው» አለ አንደኛው። «እሷ ባትኖር ጀርመንን በካርታ ነበር የምናያት።»

«አንተ ምን አደረግክ? እኔ ነኝ የፈታኋት!» አለ ሌላኛው።

«አዎ፣ ድልድዩን አልፎ ወደኋላ ማየት የለም ብለህ!»

በላሁ። ክሬሙ በዛ። 

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

አረጋገጥኩ።

ፕሮግራሙን ከባዶ ጻፍኩት፤ ጀልባዋ እንድትመለስ ፈቀድኩላት። ከዚያ ፌናና ጓደኞቿ በውድድሩ ዕለት የላኩትን መልስ ከማሽኑ አውጥቼ አስተያየሁት። ገጠመ። አንድም አልሳተም። ሰባቱም አይደለም ያልኩት፤ የመጀመሪያው፣ ገና በጠዋቱ የላኩት። የቀሩት ስድስቱ ልክ የሆነውን ነገር ለማረም የተደረጉ ናቸው። ሦስት ልጆች ባንድ ወንበር ላይ እየተቀያየሩ ያልተበላሸውን ሲጠግኑ ዋሉ።

የእኛ መልስ ነው የተሳሳተው። የሦስታችንም።

ሦስት ሰው ለየብቻ ፈትቶ ሦስቱም እንዴት እኩል ይሳሳታል? ይህን ሳሰላስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሴፕቴምበር ከዊበ ጋር ምሳ ስንበላ፣ እሱ አሬራውን እየጠጣ «ይቺ ጀልባሽ ራሴን አዞረችኝ» ብሎኝ ነበር። «ቀላል ናት፤ ድልድይ አልፋ አትመለስም ብለህ ጀምር» አልኩት መሰለኝ። መሰለኝ። ያው ምሳ ላይ የተባለ ነገር ነው። ታይስ ደግሞ ያን ሰሞን እንኳን ጥያቄ የራሱን ስም በቅጡ አያውቅም ነበር፤ የፕሮግራሙን ፍጥነት ብቻ አይቶ ይሆናል የላከው።

እና የሦስታችንም ጥፋት ነው። ለሩሎፍ ሰኞ እነግረዋለሁ።

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

ሩሎፍ ጉንፋን ይዞታል። የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወረወርም።

ዊበ በቢሮዬ በር ብቅ አለ። «መፈተኛዎቹን ለሕዝብ የምታወጪው መቼ ነው? ሌላ ጊዜ በማግስቱ ነበር። ዮሪት የሚባል ከሰሜኖቹ አንዱ ደጋግሞ እየጻፈ ያደርቀኛል።»

«ላጽዳቸው ብዬ ነው።»

«ምናቸውን ነው የምታጸጂው? ወጥ ቤት አደረግሻቸው እኮ።»

«ዊበ፣ ሥራ አለብኝ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ደግሞ ያን የምሳውን ነገር ያስታውሰው ይሆን ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

ሩሎፍ ድኗል፣ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል። ስብሰባ ጠራን። የአላፊዎቹ ስም ወደ ጀርመን የሚላከው ከነገ ወዲያ ሳምንት፣ ዓርብ ነው። መሀረቡን እያጠፈ አንድ በአንድ አየን።

«ስለ ቡድኖቹ የምትሉት ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገሩኝ። ማንኛውም ነገር። በኋላ ‹እንዲህ ቢሆን ኖሮ› የሚል ሰው አልወድም።»

ዊበ የለም አለ። ታይስ በስልክ የለም አለ፤ ከኋላው ጨቅላ ልጁ ታለቅሳለች።

«ሬንስከስ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? ቃሉ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ነው የመሰለው። ሁሉም ባለበት መናገሩ አልሆነልኝም፤ ለብቻው አግኝቼ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ ለብቻው አገኘሁት። ማር በሻይ ጠጣ አልኩት።

ደግሞስ ብናገር ምን ይመጣል? ሰሜኖቹ ሁለተኛ ይሆናሉ፤ የእኛዎቹ ልጆች ይወድቃሉ። ታርታቸውን በልቻለሁ። አንዱን ልጅ ለመካስ ሌላውን ልጅ ማስለቀስ ፍርድ ነው? ይህን ሳስብ ትክክለኛ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ተነስቼ ሳህን ሳጥብ ግን ይለቀኛል።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ዝናብ። ጸጉሬን ልቆረጥ አስቤ ተውኩት።

የእኛዎቹ ልጆች ከሌሎች ቡድኖች ጋር ይጻጻፋሉ። ዓርብ ዕለት በቢሮዬ በር በኩል ሲያወሩ የሰማሁት ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

«ሦስት ሰው አንድ ወንበር ፈረሰ አሉ።»

«ምነው?»

«ፌና ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ይቅርታ ጠይቃቸው ወጣች። ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት እኮ። ዮሪት ደግሞ የቱ ጋ እንደተሳሳተች ካላገኘሁ አላርፍም ብሎ ሙጭጭ ብሏል። በዚያ ተጣልተዋል።»

«ለአንዲት ጀልባ?»

«ለሦስት ዓመት ልምምድ ነዋ፣ አንተ ደግሞ!»

ፌና ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ ጠየቀች! እኔ እዚህ ከሻዬ ጋር ተቀምጬ፣ እሷ ላልሠራችው ስህተት ይቅርታ ጠየቀች። አፍራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ አፍራለሁ።

ኖቬምበር 28፣ ሐሙስ

ዛሬ ሩሎፍ ቤት ሄጄ ልነግረው ነበር። ቆርጬ ነበር። ነፋሱ ዛፍ ጥሎ ባቡሩ ተሰረዘ። ጣቢያው ላይ ቆሜ ሰሌዳውን ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ስልክ የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

አልተናገርኩም።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

አለቀ። ስሞቹ ሄደዋል። ከእንግዲህ መናገር ማንንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ቢያንስ ማሰቡን መተው እችላለሁ። ጠዋት ብስክሌቴን ዘይት ቀባሁ። መስኮት ወለወልኩ። ማታ የስኳር ዕቃው ባዶ መሆኑን አይቼ ሱቅ ሄድኩ፤ በትናንሽ ከረጢት የታሸገው ስኳር መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

የሲንተርክላስ፣ የስጦታው በዓል ምሽት። እንደየዓመቱ ዳኞቹ ሩሎፍ ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም በዕጣ ለደረሰው ሰው ስሙን ደብቆ ስጦታና መቀለጃ ግጥም ያመጣል፤ ባለ ስጦታው ጮክ ብሎ ራሱ ያነባል። የተሰደበ አይቆጣም፤ ደንቡ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ በቸኮሌት የተሠራ የስሜ መጀመሪያ ፊደል ነበር፣ ትልቅ። ግጥሙን ከፍቼ አነበብኩ፦

«ሬንስከን የጠየቀ ምን መልስ ያገኛል?
‹ጽሑፉን አንብቡ› ይባላል፣ ይሸኛል።
ቤቷ እሳት ቢነሳ፣ ጎረቤት ቢጮህባት፣
‹ጽሑፉን አንብቡ› ማለቷ ነው፤ እንጃላት።
የሰሜን ልጆችም ጀልባቸው ተገልብጦ
ዓይናቸው ቀረ አሉ ጽሑፉ ላይ አፍጥጦ።»

ዊበ ሳቁን መያዝ ስላቃተው ማን እንደጻፈው ታወቀ። ታይስ እንኳ ልጁን ታቅፎ እየሳቀ ነበር። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። የመጨረሻውን መስመር አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ውይ፣ ተቀየመች!» አለ ዊበ። «ቀልድ ነው እኮ፣ ሬንስከ!»

«ልጆቹ ልክ ነበሩ» አልኩ።

«የቶቹ ልጆች?»

«የሰሜኖቹ። ጀልባዋ መመለስ ትችላለች። እኛ ነን የተሳሳትነው... እኔ ነኝ። ላንተ ምሳ ላይ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ጥያቄያቸውንም ያየሁት እኔ ነኝ።»

ዊበ ፔፐርኖተን የሚባለውን የበዓሉን ብስኩት አፉ ውስጥ እንደያዘ ማላመጡን ረሳው። ታይስ ልጅቷን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወራትና «እኔ እኮ አላየሁትም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ፍጥነቱን ብቻ ነው ያየሁት። ልነግራችሁ አፍሬ ነው።»

ሩሎፍ ይጮሃል ብዬ ነበር። ያ በትንሹ ነገር ሁሉ የሚጨነቅ ሰው ግን ቀስ ብሎ ተነሳ። ወደ ወጥ ቤቱ ጠራኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቆይቻለሁ።»

«ከዓርቡ በፊት?»

«በፊት።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጀርመኖቹ ትርፍ ቦታ ሰጥተውን ነበር። አንድ ተጨማሪ ቡድን። የሚገባው ቡድን ካለ ላኩ፣ ከሌለ መልሱልን አሉን። ለዚህ ነበር ማንኛውም ነገር ካለ ያልኳችሁ። የለም አላችሁ። ዓርብ ከሰዓት መለስኩላቸው።»

«ማንም ሳይወድቅ?»

«ማንም ሳይወድቅ። አራቱም ይሄዱ ነበር።»

የሌላውን ልጅ ላለማስለቀስ ብዬ ነው ብዬ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ገልጬ አነበብኩት። እንዴት ያለ የሚያምር ምክንያት ነበር!

«አሁን ብትጠይቃቸውስ?» አልኩት።

«ከመምጣትሽ በፊት ነው ኢሜይላቸውን ያየሁት። ለሌላ አገር ሰጥተውታል።» ከዚያ እጁን እጄ ላይ አደረገ፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። «ልጆቹ ከእኛ ጽሑፍ ሳይደርሳቸው ሂጂና በአፍሽ ንገሪያቸው። በአካል።»

የቸኮሌቱን ፊደል እዚያው ረሳሁት። ይሻላል።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

ወደ ሰሜን ሄድኩ። ባቡሩ አንድም ቦታ አልቆመም፤ ዛሬ ቢቆምልኝ ምን ነበረበት።

ፌና ጣቢያው አጠገብ ያለ ቡና ቤት ቀጠረችኝ። ያው ጃኬት። ሁሉንም ነገርኳት። ማሳመር አልሞከርኩም፤ ወይም ሞክሬ አልሆነልኝም። መሀል ላይ «ዳኞቹ» ብዬ ጀመርኩና «እኔ» ብዬ አረምኩት።  ጠረጴዛው ላይ የስኳር ከረጢቶች በትንሽ ሳህን ነበሩ፤ ሁለታችንም አልነካናቸውም።

«መቼ አወቅሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ለራሴ እንኳ አላመንኩም እንጂ ያን ዕለት። ማንኪያዋን ስታንቀሳቅሺ።»

«እየሳቅሽ?»

«እየሳቅኩ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ ያን ዕለት እርግጠኛ አልነበርኩም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ስትስቂ ግን በቃ ሞኝ ነኝ ብዬ ተውኩት። ቤት ስገባ እንኳ ደግሜ አላሰላሁትም።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ሌላ ግን የለኝም። 

«ስማችንን ታስተካክላላችሁ?»

«ሁለተኛ ተብሎ ይጻፋል። መፈተኛዎቹም ዛሬ ወጥተዋል። ጀርመኑ ግን...»

«ገባኝ።» መስኮቱን አየች። ብስክሌተኞች ነፋሱን እየታገሉ ያልፋሉ። «ለእኔ ነገርሽኝ። ዮሪትስ?»

«አንቺ ብትነግሪው አይሻልም? ጓደኛሽ ነው።»

«እኔ ብነግረው ሰበብ ፈለገች ነው የሚለው። አንድ ወር ጥፋቱ የኔ ነው ስለው ቆይቼ!» ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ነካችና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

አነሳሁት። 

«ፌና?» አለ የወንድ ድምፅ። ችኩል ነው፣ ተስፋም አለበት።

«ፌና አይደለሁም። ሬንስከ እባላለሁ። የጀልባዋን ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ! በስንት ልመና!» አለ። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። «ቆይ፣ አንዴ፣ ከፊቴ ነው ያለው። ሁሉንም መስመር አይቼዋለሁ፤ ላገኘው አልቻልኩም። ምንድን ነው የሳትነው?»

«ምንም» አልኩት። «ምንም አልሳታችሁም። ከመጀመሪያው ልክ ነበራችሁ።»

የወረቀቱ ድምፅ ቆመ። ቢጮህብኝ እወድ ነበር። «ፌና እዚያ አለች?» አለኝ፤ ስልኩን መልሼ ሰጠኋትና ሂሳቡን ልከፍል ተነሳሁ።